የአፕል ክሪስፕ ላዩ ለምን ይርሳል? ሥሩስ ለምን ውሃ ያቋጥራል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ልጆቼን ይዤ አፕል ወደሚለቀምበት እርሻ እሄድና ሁለት ሦስት ከረጢት ይዤ እመለሳለሁ፤ አብዛኛው ማኪንቶሽ የሚባለው ዓይነት ነው። ከዚያ አፕል ክሪስፕ፣ ማለትም ላዩ በአጃ፣ በዱቄት፣ በስኳርና በቅቤ ድብልቅ ተሸፍኖ የሚጋገር አፕል እሠራለሁ። ከኦቨን ሲወጣ ላዩ ደህና ይመስላል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ግን ይርሳል። ሥሩ ውሃ ያቋጥራል፣ አፕሉም ቅርጹን አጥቶ ይፈርሳል። ዱቄት ብጨምር ሊጥ ሊጥ አለብኝ፤ ቅቤ ብጨምርም አልረዳኝም። ቅቤውን የምቀላቅለው አቅልጬ ነው፤ አጃውም ቶሎ የሚበስለው ዓይነት ነው። አፕሉ በደንብ እንዲበስል ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በፎይል እሸፍነዋለሁ። ስህተቱ የቱ ላይ ነው? ለአሜሪካ የምስጋና በዓል፣ ለታንክስጊቪንግ እናቴ ትመጣለች፤ የገና ጾምም ስለሚገባ የጾም የሚሆንበትን መንገድ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ከዋዜማው አዘጋጅቶ ማሳደርስ ይቻላል?»

ምላሽ፦ ችግሩ የዱቄት ወይም የቅቤ ማነስ አይደለም፤ መውጫ ያጣ ውሃ ነው። አፕል ከክብደቱ 85 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ተልጦና ልቡ ወጥቶ 1 ኪሎ ከ200 ግራም የሚመዝን አፕል ትሪ ውስጥ ሲጨምሩ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ አብረው አስገብተዋል ማለት ነው። ይህ ውሃ ሙቀት ሲያገኘው ከፍሬው ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ በእንፋሎት መልክ ከትሪው ይወጣል፣ ወይ ከሥር ተጠራቅሞ ይቀራል። በጥያቄዎ የጠቀሷቸው ነገሮች ማለትም የአፕሉ ዓይነት፣ ፎይሉ፣ የአጃው ዓይነትና የተጨመረው ቅቤ በሙሉ ውሃው እንዳይወጣ የሚያግዱ ወይም ወደ ላይኛው ሽፋን እንዲሰርግ የሚረዱ ናቸው። ስለዚህ አንዱን ብቻ ቢያስተካክሉ ለውጡ ትንሽ ይሆናል፤ ዱቄትና ቅቤ መጨመር ደግሞ ከመነሻው ችግሩን የማይፈታ እርምጃ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት አፕሉ ሲበስል በውስጡ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። የአፕል ሥጋ ከጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ ሕዋሳቱን እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ፔክቲን የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ሥራው ግንበኛ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ከሚመርገው ጭቃ ጋር ይመሳሰላል። ሙቀት ሲበረታ ፔክቲኑ ይሟሟል፣ ሕዋሳቱ ይላቀቃሉ፣ የያዙት ውሃም ይፈስሳል። በዚህ ላይ ከጥሬ አፕል መጠን ሩብ ያህሉ በሕዋሳቱ መካከል የታሰረ አየር ነው፤ አፕል ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። አየሩ በሙቀት ሲወጣ ፍሬው ይሟሽሽና ቁልሉ ዝቅ ይላል። ሽፋኑ ቀድሞ ከደረቀ ግን አብሮ ስለማይወርድ ከሥሩ ክፍተት ይፈጠራል፤ እንፋሎቱም እዚያ ይጠራቀማል። ከኦቨን ሲወጣ ደህና የነበረው ሽፋን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ የሚርሰው፣ ትሪው ገና ትኩስ ስለሆነና እንፋሎቱ ከሥር መውጣቱን ስላላቆመ ነው።

አሁን ወደ አፕሉ ዓይነት እንሂድ፤ ከሁሉም የበለጠ ክብደት ያለው ይህ ነውና። «ሲበሉት የሚጣፍጥ አፕል ሲጋገርም ይጣፍጣል» የሚለው አስተሳሰብ በሰፊው ቢነገርም ትክክል አይደለም። ፔክቲን ኮምጣጣ በሆነ ፍሬ ውስጥ በዝግታ ስለሚሟሟ፣ በአጠቃላይ ኮምጠጥ ያለና ሲጫኑት ጠንካራ የሆነ አፕል ኦቨን ውስጥ ቅርጹን ይጠብቃል። ኮምጣጣነት ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ማኪንቶሽ ጣዕሙ ኮምጠጥ ያለ፣ መዓዛው እጅግ ደስ የሚል አፕል ነው፤ በ1811 ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ በተገኘ ዛፍ ተጀምሮ እስከ ዛሬ የተወደደውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ሥጋው ግን ልል ስለሆነ ሙቀት ሲያገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ይህ ጠባዩ ለአፕል ሶስ ተመራጭ ያደርገዋል፤ ለብቻው ክሪስፕ ውስጥ ሲገባ ግን እርስዎ ያዩት ነገር የግድ ይሆናል።

ቅርጻቸውን ከሚጠብቁት መካከል ግራኒ ስሚዝ በየትኛውም መደብር የሚገኝና ከዓመት ዓመት የማያሳፍር ነው። ብሬበርን፣ ፒንክ ሌዲ፣ ጆናጎልድ እንዲሁም በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተዳቅሎ በ1991 ለገበያ የቀረበው ሀኒክሪስፕ በደንብ ይጋገራሉ። ጎልደን ዴሊሸስ ከእነዚህ ለስለስ ቢልም ጣዕሙ ጥሩ ስለሆነ ከኮምጣጣ አፕል ጋር ሲደባለቅ ያምራል። በእናንተ አካባቢ ባሉ እርሻዎች ጥቅምት ላይ የሚደርሰው ስቴይማን የተባለው አፕል ለመጋገር የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ለለቀማ የምትሄዱት መስከረም ላይ ከሆነ ሁለት ሦስት ሳምንት ዘግይታችሁ ብትሄዱ ያገኙት ይሆናል። ሬድ ዴሊሸስን ግን አይሞክሩት፤ አሲዱ ትንሽ ነው፣ ሲበስልም ጣዕም አልባ ሆኖ ይላሽቃል።

ይህ ማለት የለቀሙትን ማኪንቶሽ ይጣሉት ማለት አይደለም። ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛውን ማኪንቶሽ፣ ሁለት ሦስተኛውን ጠንካራና ኮምጣጣ አፕል ቢያደርጉ፣ ማኪንቶሹ ፈርሶ ወፍራም መረቅ ይሆናል፤ ሌላው በመረቁ ውስጥ ቅርጹን ይዞ ይቀመጣል። እኔ ከአንድ ዓይነት አፕል ብቻ ከተሠራ ክሪስፕ ይልቅ በዚህ መንገድ የተሠራውን እመርጣለሁ፤ ጣዕሙ የተሟላ ይሆናልና። ዓይነቱን የማያውቁት አፕል ካለ ደግሞ አንድ ቁራጭ በትንሽ ሳህን አድርገው ማይክሮዌቭ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያቆዩት። በሹካ ሲነካ ቅርጹን ከያዘ ለክሪስፕ ይሆናል፤ ከፈረሰ ለሶስ ይሆናል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አፕል ለብዙ ወራት በቀዝቃዛ መጋዘን ሲቆይ አሲዱ ይቀንሳል፣ ሥጋውም ይላላል። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚገዛው ግራኒ ስሚዝ የጥቅምቱን ያህል አይጸናም፤ የዚያን ጊዜ ሎሚውን ከፍ ማድረግ ይገባል።

ስለ ፎይሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ይተዉት። የተሸፈነ ትሪ ውስጥ አፕሉም ሽፋኑም በእንፋሎት ይበስላሉ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ዱቄቱና አጃው እርጥበት ጠጥተው ስለሚጠግቡ ኋላ ፎይሉ ሲነሣ ላዩ ላይ ቀለም ቢይዝም ውስጡ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል። አፕሉ ጥሬ እንዳይቀር ከሰጉ መፍትሔው ቁርጥራጩን ማስተካከል ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው ቁራጭ ሽፋኑ ቡናማ እስኪሆን ባለው ጊዜ ውስጥ በትክክል ይበስላል። ከዚያ የሳሳው ይፈርሳል፤ ከዚያ የወፈረው መሐሉ ይጠነክራል። መጠኑን እኩል ማድረግ ከውፍረቱ ያላነሰ ዋጋ አለው።

ቅቤን በተመለከተ የተለመደው አባባል «ቅቤ በበዛ ቁጥር ሽፋኑ ኩርሽም ይላል» የሚል ነው። የገበታ ቅቤ ግን ሙሉ በሙሉ ስብ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቢያንስ 80 በመቶ ስብ ሲሆን ከቀረው አብዛኛው ውሃ ነው። ሲበዛ ሽፋኑ ገና ሳይደርቅ ይቀልጥና ወደ አፕሉ ይወርዳል፤ የቀረውም ዱቄቱን አርሶ ጥቅጥቅ ያደርገዋል። ቅቤውን ማቅለጥዎ ግን ብዙዎች እንደሚሉት ትልቅ ስህተት አይደለም። ቀዝቃዛ ቅቤን በጣት ከዱቄት ጋር ማሸት ጥሩ ውጤት የሚሰጠው ድብልቁ ወጣ ገባ ሆኖ ስለሚቀር ነው፤ የቀለጠውም ቢሆን ከተቀላቀለ በኋላ በእጅ ጨበጥ ጨበጥ ተደርጎ ሽምብራና ኦቾሎኒ የሚያህሉ ጓሎች ከወጡለትና 20 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ዋናው ነገር ጓሉ ነው። በጓሎቹ መካከል ያለው ክፍተት እንፋሎቱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነውና። ድብልቁን አሸዋ አስመስሎ መበተንና በማንኪያ መጠቅጠቅ ይህን ቀዳዳ ይደፍነዋል።

አጃውንም መቀየር ይኖርብዎታል። ቶሎ የሚበስለው አጃ ተቆራርጦና ሳስቶ ስለተዘጋጀ እርጥበት እንደነካው ይለሰልሳል፤ ቁርስ ላይ የሚፈለገውም ይህ ጠባዩ ነው። ለክሪስፕ የሚስማማው ሙሉ ፍሬው የተዳመጠው፣ ጠፍጣፋው አጃ ነው። በብረት የተከተፈው ጠንካራ አጃ ደግሞ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለማይበስል ጥርስ ላይ ድንጋይ ይሆናል። በቤትዎ የስንዴ ግሉተን የማይስማማው ሰው ካለ ዱቄቱን ብቻ መለወጥ አይበቃም፤ አጃ በእርሻና በወፍጮ ላይ ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ ከግሉተን ነጻ መሆኑ በማሸጊያው ላይ የተጻፈበትን ብቻ ይግዙ።

የስኳሩ ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ቡናማ ስኳር በውስጡ ያለው ሞላሰስ እርጥበት ስለሚስብ ሽፋኑን ወደ ማኘክ ያደላ ያደርገዋል፤ ነጭ ስኳር ደግሞ ይበልጥ ያደርቀዋል። ሁለቱን ማደባለቅ የቡናማውን ጣዕምና የነጩን ድርቀት አንድ ላይ ይሰጣል።

የመረቁን ማወፈሪያ በተመለከተ፣ ዱቄት ሲጨምሩ ሊጥ ሊጥ ያለው ዱቄት ለማወፈር ደካማ ስለሆነና ለመብሰልም በቂ ሙቀት ስላላገኘ ነው። የበቆሎ ስታርች በክብደት ሲለካ ከስንዴ ዱቄት እጥፍ ያህል የማወፈር አቅም አለው፤ ስለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ስታርች የሚወፍረው ግን ሙቀት በሚገባ ሲደርሰው ብቻ ነው። የትሪው ዳርና ዳር መፍላቱን አይቶ ማውጣት በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ዳሩ ሲፈላ መሐሉ ገና ሊሆን ይችላል። መሐሉ ላይ መረቁ በሽፋኑ ቀዳዳ በኩል ብቅ እያለ፣ አረፋውም ወፈር ብሎ ቀስ እያለ ሲፈነዳ ነው በስሏል የሚባለው። እንዲያም ሆኖ ከኦቨን እንደወጣ መረቁ ቀጭን መምሰሉ አያስደንግጥዎ፤ ስታርችም ፔክቲንም የሚረጉት ሲቀዘቅዙ ነው። ወዲያው የተጨለፈ ክሪስፕ ሁልጊዜ ውሃ ያለው ይመስላል።

ውሃውን ለመቀነስ ሦስት አማራጮች አሉ። የመጀመሪያው አፕሉን በስኳርና በሎሚ ለውሶ ማቆየት፣ የሚወጣውን ጭማቂ ማጥለልና ለብቻው አፍልቶ ማወፈር ነው። ሁለተኛው አፕሉን ሰፊ መጥበሻ ላይ በመካከለኛ እሳት ስምንት አሥር ደቂቃ ማገላበጥ ነው፤ ይህ አየሩንም ስለሚያስወጣ ከሽፋኑ ሥር ክፍተት አይፈጠርም፤ ጉዳቱ ግን እንደ ማኪንቶሽ ያለ ልል አፕል ገና መጥበሻው ላይ መፍረሱ ነው። ሦስተኛው ሽፋኑን በሌላ ትሪ ለብቻው ጋግሮ በማቅረቢያው ሰዓት አፕሉ ላይ መነስነስ ነው። በዚህኛው ሽፋኑ በእርግጥ አይርስም፤ ነገር ግን አፕሉና ሽፋኑ በሚነካኩበት ቦታ የሚፈጠረው ያ ከረሜላ የመሰለ ጠርዝ ይቀራል፤ ለእኔ ደግሞ የክሪስፕ ምርጡ ክፍል እሱ ነው።

ለእርስዎ የምመክረው የመጀመሪያውን ነው። ከሚለቅሙት አፕል ጋር የሚስማማው እሱ ነው፤ ልምድም አይጠይቅም። ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላለው አራት ማዕዘን ትሪ 1 ኪሎ ከ200 ግራም የተላጠና የተከተፈ አፕል ያዘጋጁ፤ ስምንት መካከለኛ ፍሬ ይሆናል። በላዩ 70 ግራም ወይም አንድ ሦስተኛ ኩባያ ቡናማ ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ ጨምረው ይለውሱትና ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይተዉት። ስኳሩ ውሃውን እየሳበ ያወጣዋል። ከዚያ በወንፊት ያጥልሉ። ከሥር የተጠራቀመውን ጭማቂ በትንሽ ድስት አፍልተው አንድ ሦስተኛው እስኪቀርና ማንኪያ ጀርባ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ያወፍሩት፤ ጣዕሙ እዚያ ውስጥ ስላለ በፍጹም አይድፉት። በዚህ ዘዴ የሚወጣው ከጠቅላላው ውሃ ጥቂቱ ክፍል ብቻ መሆኑን ግን ይወቁ፤ የቀረውን የሚያስተናግዱት ስታርቹና ያልተሸፈነው ኦቨን ናቸው፤ ስለዚህ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይሠራም።

የጠለለው አፕል ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ነስንሰው ካገላበጡ በኋላ የወፈረውን ጭማቂ ለብ ሲል ያፍስሱበት። ስታርቹ የሚፈላ ጭማቂ ከነካው ወዲያው ይጓጉላል፤ የተጓጎለ ስታርች ደግሞ ኋላ አይሟሟም።

ለሽፋኑ 125 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 90 ግራም ጠፍጣፋ አጃ፣ 60 ግራም ቡናማና 40 ግራም ነጭ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው እና 115 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ ይበቃል፤ ቅቤው አሜሪካ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው አንድ ዘንግ ማለት ነው። ጨው ያለበት ቅቤ ከሆነ ጨውን ይተዉ። ከላይ በተባለው መንገድ ጓል ጓል አድርገው፣ አቀዝቅዘው፣ ሳይጫኑ አፕሉ ላይ ይበትኑት፤ አፕሉ እዚህም እዚያም ብቅ ቢል ችግር የለውም፤ እንዲያውም ጥሩ ነው። ቀድሞ በጋለ ኦቨን በ375 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በ190 ሴልሺየስ፣ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይጋግሩ። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ 25 ዲግሪ ፋራናይት ይቀንሱ። ላዩ ቶሎ ከጠቆረ ሙቀቱን ከመቀነስዎ በፊት ትሪውን ወደ ታችኛው መደርደሪያ ያውርዱት። ሲወጣ አየር ከሥሩ በሚያልፍበት የሽቦ መደርደሪያ ላይ ግማሽ ሰዓት ሳይሸፈን ይረፍ። ለእንግዳ እስኪቀርብ እንዳይቀዘቅዝ ብሎ በፎይል ወይም በፎጣ መሸፈን እስከዚያ የተደከመበትን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ያበላሻል።

ይህን ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሞክሩ አንድ ልዩነት መጠቀስ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው በ92 ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ አፕሉም ከዚያ በላይ እምብዛም ስለማይሞቅ ለመለስለስ ይዘገያል። የኦቨኑ ሙቀት እንዳለ ሆኖ ጊዜውን በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ደቂቃ ማርዘም፣ ቁርጥራጩንም በመጠኑ ማሳሳት ያስፈልጋል። ከጨንቻ የሚመጣውን አፕል የሚጠቀሙም ከላይ በጠቀስኩት የማይክሮዌቭ ፍተሻ ጠባዩን አስቀድመው ይወቁ።

ቅመሙን አያብዙት። ከቀረፋው ጋር ሩብ የሻይ ማንኪያ አዲስ የተወቀጠ ኮረሪማ ቢጨምሩ ከአፕል ጋር እጅግ ይስማማል፤ በፈረንጆቹ አሠራር ከሚገባው ገውዝ ይልቅ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ቅርንፉድ ግን ጥቂት ሲያልፍ ሁሉንም ይውጣል። ለወጥ የተነጠረ ቅቤን ለክሪስፕ መጠቀምን አልመክርም፤ ውሃ የሌለው መሆኑ ቢጠቅምም ኮሰረቱና ሽንኩርቱ የሰጡት ሽታ በስኳር አይሸፈንም።

አሁን ስለ ጾሙ። ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ስለሆነ ከ22 እስከ 28 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ጾመ ነቢያት የሚገባበት ኅዳር 15 ደግሞ ኖቬምበር 24፣ በአንዳንድ ዓመት 25 ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ዓመታት በዓሉ ጾሙ ውስጥ ይወድቃል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ጾሙ ሳይገባ ያልፋል። ክሪስፕ እንቁላልም ወተትም ስለሌለው ለጾም መለወጥ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅቤው። ቅቤን በዘይት ግራም ለግራም መተካት ግን ሽፋኑን ቅባት ያበዛበታል፤ ምክንያቱም ቅቤ 80 በመቶው ብቻ ስብ ሲሆን ዘይት ሙሉ በሙሉ ስብ ነው። በ115 ግራም ቅቤ ፈንታ 90 ግራም የተጣራ፣ ሽታ የሌለው የኮኮናት ዘይት ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ያድርጉ። ውሃው የሚገባው ዱቄቱ ተያይዞ ጓል እንዲሠራ ነው፤ ቅቤ ውስጥ ይህን የሚያደርገው በውስጡ ያለው ውሃ ነበር። የኮኮናት ዘይት ከ24 ሴልሺየስ በታች ስለሚረጋ እንደ ቅቤ ይታሻል። ፈሳሽ የሱፍ ዘይት ብቻ ካለዎት 80 ግራም ይበቃል፤ ሽፋኑ ግን አሸዋማ ስለሚሆን በትሪ ለብቻው ጋግሮ መነስነሱ ይሻላል።

ማርጋሪን የሚመርጡ ከሆነ ጥንቃቄ ያድርጉ። ከአትክልት ዘይት የተሠራ መሆኑ ብቻ ጾም አያደርገውም፤ ብዙዎቹ ዌይ ወይም ኬዚን የተባለ የወተት ተዋጽኦ አለባቸው፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ዝርዝር እስከ መጨረሻው ያንብቡ። በዕቃ የሚሸጠው ለስላሳ ማርጋሪን ደግሞ ውሃው ስለሚበዛ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በዘንግ የሚሸጠውን ይውሰዱ። ከጎኑ የሚቀርበውን የቫኒላ አይስ ክሬም ቀዝቅዞ በተመታ የኮኮናት ክሬም መተካት ይቻላል። 60 ግራም የተከተፈ ለውዝ ወይም ዋልነት ሽፋኑ ውስጥ ቢገባ ቅቤው ሲወጣ የጎደለውን ጣዕም ይሞላል፤ በእንግዶችዎ መካከል የማይስማማው ሰው አለመኖሩን ግን አስቀድመው ይጠይቁ። እናትዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ትሪውን ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ኦቨን ውስጥ ማስገባት ይበቃል፤ ጾሙ ሲፈታ ለብ ብሎና ረግቶ ይደርሳል።

ከዋዜማው ማዘጋጀት ይቻላል፤ አንድ ላይ ደርቦ ማሳደር ግን አይቻልም። ሽፋኑ አፕሉ ላይ ካደረ ሌሊቱን ሙሉ ጭማቂ ሲጠጣ ያድርና ጠዋት የትኛውም ኦቨን አያድነውም። ሽፋኑን ጓል ጓል አድርገው በታሸገ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት፤ ፍሪዘር ውስጥ ከሆነ ለወራት ይቆያል፣ ሳይቀልጥም ቀጥታ ይጋገራል። አፕሉንም በሎሚና በስኳር ለውሰው ለብቻው ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ይችላሉ። ጭማቂው በሌሊቱ ይበልጥ ስለሚወጣ ማጥለሉና ማወፈሩ የሚያስገኘው ጥቅም ጠዋት ላይ ይጨምራል፤ ማፍያው ብቻ ጥቂት ደቂቃ ይረዝማል። አፕሉ በመጠኑ መጠየሙ ከቀረፋው ጋር ስለማይታይ አያሳስብዎ። ስታርቹን ግን ከዋዜማው አይጨምሩ፤ ከጭማቂው ጋር አብሮ ተጠልሎ ይወጣል።

የመስታወት ትሪ የሚጠቀሙ ከሆነ ከፍሪጅ አውጥተው በቀጥታ ወደ ጋለ ኦቨን እንዳያስገቡት፤ ከኦቨን የወጣውንም እርጥብ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ላይ እንዳያስቀምጡት፤ መስታወቱ በድንገት የሙቀት ለውጥ ሊፈነዳ ይችላል። አፕሉን በጎድጓዳ ሳህን አሳድሮ ትሪው ውስጥ ጠዋት መጨመር ይህን ስጋት ከሥሩ ያስቀረዋል። ልባስ የሌለው የአሉሚኒየም ትሪም የሎሚውና የአፕሉ አሲድ ስለሚነካው የብረት ጣዕም ይሰጣል፤ ሴራሚክ፣ መስታወት ወይም አይዝጌ ብረት ይምረጡ።

የተረፈው ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይደር፤ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፤ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ማሞቂያው ማይክሮዌቭ ከሆነ አፕሉ ይሞቃል፣ ሽፋኑ ግን ይላሽቃል። በ350 ፋራናይት፣ ማለትም በ175 ሴልሺየስ ኦቨን ሳይሸፈን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሲቆይ በፍሪጅ የጠጣውን እርጥበት ይለቅቅና መልሶ ይደርቃል።